የፍቅር ተለዋጭ ዘይቤ በእንግሊዝ ሥነ ጽሑፍና በመማሪያ ክፍል



ፍቅር በዓይን የማይታይ በእጅም የማይዳሰስ ስለ ሆነ ባለቅኔ ሁሉ የሚታየውን ነገር ተውሶ ይገልጸዋል። ተለዋጭ ዘይቤ የሚባለው ይኸው ውሰት ነው። ዳሩ ግን የዘይቤውን ስም በቃሉ አጥንቶ ፈተናውን ያለፈ ተማሪ፥ ፍቅሩን ሳያየው የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ምሳሌው የተቀዳበትን አገር አያውቀውምና።

ሼክስፒር በጻፈው፥ ከበደ ሚካኤልም በ1946 ዓ.ም. ወደ አማርኛ በመለሱት በሮሜዎና ዡልየት ቴአትር፥ ወጣቱ በሌሊት ከአትክልቱ ቦታ ቆሞ ወዳጁን ከፍ ብላ ባያት ጊዜ ፀሐይ ይላታል። ብርዱና ጨለማው በሚረዝምበት በእንግሊዝ አገር ይህ ቃል የተናፈቀ ደስታን ያመጣል። በምሥራቅ ሱዳን፥ በገዳሪፍ ግዛት በመንደር 8 ለሚኖር ተማሪ ግን፥ ዝናም ሳይገባ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት ወራት ፀሐይ የምትሸሽ ናት፤ እርሱ ወዳጁን ሲያመሰግን ጥላዬ ቢላት ይቀናዋል። እንግዲህ ምሳሌ ከነገሩ አንድ ወገኑን ብቻ እንደሚወስድ ማስረዳት የመምህሩ ፋንታ ነው። ሮሜዎ ከፀሐይ የወሰደው ጨለማን መግፈፏን ነው፤ ሐሩሯን ትቶታል። በጥምቀት ዕለት ለልጃገረድ የምትወረወረው ሎሚም፥ ልማዱን ለማያውቅ እንግሊዛዊ ተራ ፍሬ ናት።

ጆን ደን ከሞተ በኋላ በ1633 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በታተመ ግጥሙ የሚለያዩ ወዳጆችን በኮምፓስ እግሮች መስሏል። አንዱ እግር ከመካከል ተተክሎ፥ ሌላው ሲርቅ ወደርሱ ያዘነብላል፤ ሲመለስም ቀና ይላል። ይህን መሣሪያ የሒሳብ መምህር ሁሉ ያውቀዋል። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ከትግራይ ጦርነት ሸሽተው ወሰን ከተሻገሩት ብዙዎች በመንደር 8 አርፈው ነበር፤ ከቤተ ሰባቸው ተለይተው የመጡም ነበሩባቸው። እንዲህ ያለውን መለየት ለሚያውቅ ተማሪ የደን ግጥም የባዕድ ነገር አይሆንበትም።

ስለዚህ መምህሩ ከትርጓሜው አስቀድሞ ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ይህ ነገር በባለቅኔው አገር ለሰው ምን ያደርጋል? በተማሪውስ አገር? ባለቅኔውስ የወሰደው የትኛውን ወገን ነው? ከዚህ በኋላ ተማሪው ከእናቱ ቋንቋ አንድ የፍቅር ምሳሌ አምጥቶ በነዚሁ ጥያቄዎች ይመርምረው። እንዲህ የተማረ ዕጩ መምህር፥ በተራው ለሚያስተምራቸው ሕፃናት ከዘይቤው ስም ጋራ ፍቅሩንም ያደርስላቸዋል።