ከሊቨርፑል እናቶች ምን እንማር?



ሒሳብ ያዣችን ስለ እግር ኳስ ልታወራ ነው ብላችሁ አትሳቁ። ባሎቻችንና ልጆቻችን የሚጮሁለት ሊቨርፑል ለእኛም የሚሆን ነገር አለው።

የከተማው ሰዎች «ስካውዘር» ይባላሉ። ስሙ የመጣው ስካውስ ከሚባል የመርከበኞች ወጥ ነው፤ ሥጋ፣ ድንችና ካሮት አብሮ ይቀቀላል። ሥጋ መግዣ ያጣ ያለ ሥጋ ይሠራዋል፤ ያም «ዕውር ስካውስ» ይባላል።

እ.ኤ.አ. በ1989 በሂልስቦሮ ስታዲየም የደረሰው መጨናነቅ ለ97 የሊቨርፑል ደጋፊዎች ሞት ምክንያት ሆነ። ጥፋቱም በራሳቸው በደጋፊዎቹ ተላከከ። የ15 ዓመት ልጇን ያጣችው አን ዊሊያምስና ሌሎች ቤተሰቦች ግን እውነቱ ይውጣ ብለው ታገሉ። ደጋፊዎቹ ጥፋት እንደሌለባቸው በችሎት የተወሰነው በ2016፣ ከ27 ዓመት በኋላ ነው። አን ያን ቀን ሳታይ በ2013 አረፈች።

አብሮ መቆም ልማዳቸው ነው። በ2015 የሊቨርፑልና የተቀናቃኙ የኤቨርተን ደጋፊዎች ተባብረው በጨዋታ ቀን ስታዲየም በር ላይ ለተቸገሩ ምግብ መሰብሰብ ጀመሩ።

ወደ እኛ ልመለስ። መዝገቡን ስለምይዝ አያለሁ፤ መዋጮ ያጠራት እህት መጀመሪያ የምትቀረው ከስብሰባ ነው። ገንዘብ ስታጣ ሰውም ታጣለች። እስኪ በሚቀጥለው ወር ጓዳ ውስጥ አንድ ቅርጫት እናስቀምጥ። ያላት ሽሮ፣ ምስር ወይም ዘይት ትጨምር፤ የቸገራት ትውሰድ። ይህን እኔም አልመዘግብም።