ከሁለት ዙር ወደ 42 ኪሎ ሜትር

(በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)




ናይሮቢ ላይ ቆሞ ስለ ሩጫ መናገር «ለቀባሪው አረዱት» ይመስላል፤ ያለንበት አገር የቴግላ ሎሩፔና የካትሪን ንዴሬባ አገር ነውና። እኔ ግን የማነሣው መንገዷን ስለቀየረች አንዲት እህታችን ነው። ዓመቶቹን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አትሌት ትዕግስት አሰፋ ሩጫን የጀመረችው በማራቶን አይደለም። ውድድሯ 800 ሜትር፣ ማለትም የመም ሁለት ዙር ነበር። በ2014 ርቀቱን በ1 ደቂቃ ከ59.24 ሰከንድ ሮጣለች። በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ አገሯን ወክላ ብትሰለፍም ከማጣሪያው አላለፈችም። በተረከዟ ጅማት ላይ የደረሰባት ጉዳትም በስፓይክ ጫማ መሮጥን አስቸጋሪ ስላደረገባት ወደ ጎዳና ሩጫ ዞረች።

በ2022 በሪያድ የመጀመሪያ ማራቶኗን የጨረሰችው በ2፡34፡01 ነበር። ያንን ሰዓት አይቶ የወደፊቱን የገመተ ብዙ ሰው አልነበረም። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ግን በርሊንን በ2፡15፡37 አሸነፈች። በ2023 እዚያው በርሊን 2፡11፡53 በመግባት የኬንያዊቷን የብሪጂድ ኮስጌን 2፡14፡04 የዓለም ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ አሻሻለች።

እስቲ አብረን እናስላው። በዚያ ቀን እያንዳንዱን 800 ሜትር በአማካይ በ2 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ሮጣለች ማለት ነው። ያንኑ ርቀት ከሁለት ደቂቃ በታች ለምታውቅ እግር ይህ ፍጥነት የሚያስደነግጥ አይደለም። ከባዱ ነገር ሳያቋርጡ ከ52 ጊዜ በላይ መድገሙ ነው። ፍጥነቱን ከድሮው ሙያዋ ይዛው መጣች፤ ጽናቱን ግን እንደ አዲስ መገንባት ነበረባት።

መንገድ መቀየር ሁልጊዜ ወርቅ ያስገኛል አልልም። በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ በ3 ሰከንድ፣ በ2025 በቶኪዮ የዓለም ሻምፒዮና በ2 ሰከንድ ተቀድማ ብር ወስዳለች። በሁለቱ መካከል ግን በ2025 ለንደንን በ2፡15፡50 አሸንፋለች።

ወገኖቼ፣ ናይሮቢ ከገባን በኋላ ስንቶቻችን ነን ሥራ የቀየርነው? አስተማሪ የነበረው ኢስሊ ውስጥ ሱቅ ከፍቷል፤ ነርስ የነበረችው እንጀራ ጋግራ ታከፋፍላለች። እኛም «ድሮ እኮ ትልቅ ሰው ነበር» እያልን ከንፈር እንመጣለን። ያ አስተማሪ ግን የደንበኛውን ዱቤ በሥርዓት የሚይዘው፣ ያቺም ነርስ ንጽሕናዋ የሚመሰገነው በድሮው ሙያቸው ነው። የትናንቱ ዕውቀት አልጠፋም፤ ቦታ ቀየረ እንጂ።

ስለዚህ ሁለት ነገር አደራ እላለሁ። ወላጆች፣ ልጃችሁ የጀመረችውን ትታ ሌላ ልሞክር ስትላችሁ «ዕድሜሽን በከንቱ ፈጀሽ» ከማለታችሁ በፊት ምን ይዛ እንደምትሄድ ጠይቋት። ማኅበራችንም አዲስ መጪ ወገን ሲመዘግብ «ምን ቸገረህ?» ብሎ ብቻ አይለፈው፤ «ምን ታውቃለህ?» ብሎም ይጻፍለት።