የጨዋታ ዓመት ሒሳብ
(በተማሪዎች ማኅበር የዓመት መዝጊያ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዓመት ሲያልቅ ነጋዴ መዝገቡን ይዘጋል፤ ገበሬ ጎተራውን ያያል፤ ተማሪም የፈተና ውጤቱን ይጠባበቃል። እኔ ዛሬ በፊታችሁ የምዘጋው መዝገብ የጨዋታ መዝገብ ነው። ከመካከላችሁ «ይህ ደግሞ ምን ቁም ነገር ሆኖ ነው ለንግግር የሚበቃው?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ነገር ግን የማኅበሩ ጸሐፊ ጥቂት ደቂቃ ፈቅዶልኛልና ፍርዱን እስከ መጨረሻው ድረስ አቆዩልኝ።

ጨዋታ ስል ሜዳ ላይ የሚሮጡበትን ማለቴ አይደለም። ሰው ከሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ፥ በመካከል ሰሌዳ አኑሮ፥ በእጅና በአእምሮ የሚጫወተውን ማለቴ ነው፤ ይኸውም ዳማ፥ ገበጣ፥ ቼዝ፥ ካርታና እነዚህን የመሳሰሉት ናቸው። ከመስከረም ጀምሮ እያንዳንዱ ጨዋታ ባበቃ ቁጥር የተጫዋቾቹን ስምና ውጤቱን በአንድ ደብተር ስጽፍ ቆይቻለሁ። ደብተሩ እንደሚመሰክረው በዓመቱ ውስጥ 146 ጨዋታ ተጫውቻለሁ። ከዚህም 61ዱ ዳማ፥ 48ቱ ቼዝ፥ 22ቱ ገበጣ፥ 14ቱ ልዩ ልዩ የካርታና የጠረጴዛ ጨዋታ ነው። የቀረው አንዱ ሰንጠረዥ ነው፤ ስለ እርሱ ወደ ኋላ እናገራለሁ። ያሸነፍሁት 59ኙን ነው። ስለዚህ ከፊታችሁ የቆመው ሰው ሻምፒዮን አለመሆኑን አስቀድማችሁ ዕወቁት።

ቁጥሩን ደምሬ ስጨርስ ግን ከማሸነፍና ከመሸነፍ ይልቅ ሌላ ነገር አሳሰበኝ። ከ146ቱ ጨዋታ 103ቱ የተደረገው ከአራት ሰዎች ጋር ብቻ ነው። አራቱም ዘንድሮ ይመረቃሉ። እንግዲህ በመጪው ዓመት እኔና ሰሌዳዬ ለብቻችን ልንፋጠጥ ነው ማለት ነው። ከዚህም የተነሣ «አንድ ጨዋታ በምን ይኖራል? በምንስ ይሞታል?» ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። መልሱን ለመፈለግ ሦስት ጨዋታዎችን አንድ በአንድ ላቅርብላችሁ። አንደኛው ሕጉ ተጽፎ ተጫዋች ያጣ ነው፤ ሁለተኛው ተጫዋች ሞልቶት የተፈጠረበት ሐሳብ የጠፋ ነው፤ ሦስተኛው ግን ዛሬም የምንጫወተው፥ ሕጉን ሁላችን በየበኩላችን በቃል ብቻ የያዝነው ነው።

የመጀመሪያው ሰንጠረዥ ነው። ዛሬ ሰንጠረዥ ሲባል የሁላችንም ሐሳብ የሚሄደው ቁጥር ወደሚደረደርበት መስመርና ዓምድ ነው፤ ጨዋታውን ግን ቼዝ እንለዋለን። ቃሉ ግን ቀድሞ የጨዋታ ስም ነበር። ከህንድ ተነሥቶ በፋርስና በዐረብ አገር ያለፈው ጨዋታ በኛ ዘንድ ሰንጠረዥ ተብሎ በቤተ መንግሥትና በመኳንንት ቤት ለብዙ ዘመን ኖሯል። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ወደ ትግራይ በመጣ ጊዜ ራስ ወልደ ሥላሴ ይህን ጨዋታ ይጫወቱ እንደ ነበር ጽፏል። ሰሌዳው 64 ቤት ቢኖረውም እንደ ዛሬው ጥቁርና ነጭ ሆኖ የተዥጐረጐረ አልነበረም፤ በጨርቅ ላይ መስመር ብቻ ይሰመርበት ነበር። ዛሬ ንግሥት የምንላት፥ ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር የምታዳርሰው፥ በሰንጠረዥ ፈርዝ ተብሎ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይራመድ ነበር። በአውሮፓ ንግሥቲቱ የአሁኑን ኀይል ያገኘችው በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ነው፤ በኛ አገር ግን የቀድሞው ሕግ ከዚያ በኋላ አራት መቶ ዓመት ያህል ሳይለወጥ ቆየ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው አጀማመሩ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ወረራ ይባላል። በወረራ ጊዜ ተራ የሚባል ነገር የለም፤ ሁለቱም ተጫዋቾች ባንድ ጊዜ፥ አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ፥ ነገር ግን አንዱ የሌላውን እጅ እየተመለከተ ሠራዊቱን ያሰልፋል። ከሁለቱ አንዱ የባላጋራውን የመጀመሪያ መጫወቻ በወሰደ ጊዜ ወረራው ያበቃና ከዚያ ወዲያ ጨዋታው ተራ በተራ ይሆናል። አጨራረሱም ማዕርግ ነበረው። ንጉሡን በደር፥ ማለት ዛሬ ግንብ በምንለው፥ ወይም በፈረስ መያዝ ብዙ አያስመሰግንም ነበር፤ እንደ ፈርዝ ባለ ደካማ መጫወቻ የያዘ ግን ይደነቅ ነበር። ማሸነፍ ብቻውን አይበቃም፤ እንዴት እንዳሸነፉም ይታያል ማለት ነው።

ይህን ሁሉ እንዴት ልናውቅ ቻልን? በ19ኛው መቶ ዓመት መካከል የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን ያየውን ስለ ጻፈ፥ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስትም የቀድሞዎቹን ጽሑፎች አሰባስበው እ.ኤ.አ. በ1971 የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በሚያሳትመው መጽሔት ላይ ስላወጡት ነው። እንግዲህ ሕጉ በወረቀት ላይ አለ። እኔና አንድ ጓደኛዬም ባለፈው ሚያዝያ ወር በቀይ ጨርቅ ላይ በጠመኔ መስመር አስምረን ሞከርነው። ወረራው እንደ ተጀመረ የሁለታችን እጅ ባንድ ቤት ላይ ተጋጨ። ቤቱ ለማን ይሁን? በያዝነው ጽሑፍ ውስጥ መልሱን ብንፈልግ አጣን። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲጫወት የኖረ አንድ ሽማግሌ አጠገባችን ቢኖር ባንድ ቃል ይፈታው ነበር። እኛ ግን ስንከራከር አመሸን፤ በመጨረሻም መብራት ጠፋ። በደብተሬ ላይ ውጤቱ «አላለቀም» ተብሎ ተጽፏል። ከዚህ የተማርሁት፥ መጽሐፍ ሕጉን ሊጠብቅ ይችላል፤ ልማዱን ግን የሚጠብቀው ሰው ነው።

ሁለተኛው ጨዋታ ሞኖፖሊ ነው። ይህን የማያውቅ ከመካከላችን ጥቂት ነው። ነገር ግን ስለ ምን እንደ ተፈጠረ የሚያውቅ ከዚያም ያነሰ ይመስለኛል። ኤልዛቤት ማጊ የተባለች አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1904 «የባለ ርስት ጨዋታ» በሚል ስም ለፈጠረችው ጨዋታ የባለቤትነት መብት አገኘች። የፈጠረችውም መሬት በጥቂት ሰዎች እጅ ሲሰበሰብ የኪራዩ ገንዘብ ባለ ርስቱን እንዴት እንደሚያበለጽግና ጭሰኛውን እንዴት እንደሚያደኸይ ለማስተማር ነበር። ስለዚህም ሁለት ዓይነት ሕግ አወጣችለት። በአንደኛው ሁሉን የጠቀለለ ያሸንፋል፤ በሁለተኛው ግን ሀብት በተፈጠረ ጊዜ ሁሉም ይጠቀማል። ሰዎች በየቤታቸውና በየኮሌጁ ሰሌዳውን በእጃቸው እየሣሉ፥ ሕጉንም እየለዋወጡ ተጫወቱት። እ.ኤ.አ. በ1935 ፓርከር ብራዘርስ የተባለው ኩባንያ ሞኖፖሊ ብሎ ባሳተመው ጊዜ ፈጣሪው ቻርልስ ዳሮው ነው ተባለ፤ የማጊም መብት በ500 ዶላር ተገዛ። ሁለተኛው ሕግ ቀረ። ጎረቤቱን ሁሉ አራቁቶ ለብቻው የቀረው የሚጨበጨብለት ጨዋታ በዓለም ተሠራጨ። እንግዲህ ይህ ጨዋታ ተጫዋች አላጣም፤ ያጣው «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ ተጫዋች ነው።

ሦስተኛው ከቤታችን የማይርቀው ገበጣ ነው። በኅዳር ወር በመኝታ ቤታችን አንድ ጠብ ተነሣ። አንዱ ከጎጃም፥ አንዱ ከሐረርጌ የመጡ ሁለት ጓደኞቻችን በገበጣ ተቀምጠው ነበር። የመጨረሻዋ ጠጠር ጠጠር ባለበት ጉድጓድ ስትወድቅ አንዱ ሁሉንም አፍሶ መዝራቱን ቀጠለ። ሌላው «ተራህ አበቃ፤ አጭበረበርህ!» ብሎ ተነሣ። ያኛውም «እናቴ ያስተማረችኝን ጨዋታ ማጭበርበር ትለዋለህን?» አለ። ነገሩ ከጠጠር አልፎ ወደ እናት፥ ከእናትም አልፎ ወደ አገር ቤት ሊሄድ ምንም አልቀረውም። በዚያ ክፍል የነበርን ሁሉ የጠቡን መጠን እናስታውሳለን።

ነገሩን ስንመረምር ሁለቱም እውነተኞች ሆነው ተገኙ። እያንዳንዱ ከቤቱ የያዘውን ሕግ አጥብቆ ይጠብቅ ነበር እንጂ ሕግ አልጣሰም። ስሕተቱ «ገበጣ አንድ ነው፤ እርሱም የኔ ነው» ማለቱ ላይ ነበር። እንዲያውም ፓንክረስት በዚያው በ1971 በኢትዮጵያና በአካባቢዋ የሚገኙትን አያሌ የገበጣ ዓይነቶች ዘርዝረው አሳትመዋል፤ የጉድጓዱ ቍጥር፥ የጠጠሩ ልክ፥ የአበላሉ ሥርዓት ከቦታ ቦታ ይለያያል። እኛም በዚያች ሌሊት ሁለት ወረቀት አመጣንና ሁለቱን ሕጎች ለየብቻ ጻፍናቸው። ከዚያ ወዲያ ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት «በየትኛው ወረቀት?» ብሎ መጠየቅ ልማድ ሆነ። ዓመቱን ሙሉ በገበጣ ሌላ ጠብ አልተነሣም፤ ሁለቱ ተጣዪዎችም ዛሬ አንዱ የሌላውን ሕግ ከገዛ ሕጉ አሻሽሎ ይጫወታል።

አሁን ደግሞ አንድ ተቃውሞ ልመልስ። «በዚህ ዘመን ኮምፒዩተር ሁሉን ፈትቶታል፤ እናንተ ቆርኪ ስትገፉ መዋላችሁ ለምንድር ነው?» የሚሉ የሳይንስ ፋኩልቲ ወዳጆች አሉኝ። የሚሉት ከፊሉ እውነት ነው። በምዕራብ አፍሪካ የሚታወቀውን፥ በ12 ጉድጓድና በ48 ጠጠር የሚጫወቱትን የገበጣ ወገን በሆላንድ አገር ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ፈቱት፤ ሁለቱም ሳይሳሳቱ ቢጫወቱ ውጤቱ እኩል ለእኩል ነው። በ64 ቤት የሚጫወቱትንም ዳማ በካናዳ ጆናታን ሼፈርና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ፈትተው እንደዚሁ እኩል ለእኩል መሆኑን አሳዩ። ነገር ግን መኪና የሚፈታው ሕጉ የተሰጠውን ጨዋታ ነው። በእናቶቻችን ቃል ብቻ ያለውን ማን ይስጠው? ደግሞም ከዳማ ሰሌዳ ዙሪያ የሚቆመውን ተመልካች ታውቁታላችሁ፤ ከተጫዋቾቹ ይልቅ ያውቃል፥ ይጮኻል፥ እጁንም ይሰድዳል። ያንን ሰው እስካሁን የፈታው ኮምፒዩተር የለም።

እንግዲህ ለመጪው ዓመት ያሰብሁትን በአራት ነጥብ ልንገራችሁ።

አንደኛ፤ የጨዋታውን ቍጥር ማብዛት አልሻም፤ የሰዉን ቍጥር ማብዛት እሻለሁ። በመጪው ዓመት መጨረሻ ደብተሬ ቢያንስ 20 አዲስ ስም እንዲይዝ እፈልጋለሁ። ዘንድሮ በደብተሬ የተጻፉት የሴት ተማሪዎች ስም ሦስት ብቻ ነው። ብዙዎቻችን ገበጣን ከእናቶቻችንና ከእኅቶቻችን የተማርን ስንሆን ሰሌዳችን በወንዶች መኝታ ቤት ተዘግቶበት መኖሩ አይገባም። ስለዚህ የክበባችን ምሽት ወደ ተማሪዎች መዝናኛ አዳራሽ እንዲዛወር ማኅበሩን እጠይቃለሁ።

ሁለተኛ፤ በዚህ ክረምት ወደየቤታችን ስንሄድ እያንዳንዳችን አንድ አዋቂ ሰው ፈልገን የአገሩን ገበጣ ሕግ በአንድ ገጽ ጽፈን እንድንመለስ እለምናለሁ። ጉድጓዱ ስንት ነው? ጠጠሩ ስንት ነው? ወዴት ይዘራል? እንዴት ይበላል? መቼ ያበቃል? የነገረንስ ሰው ከማን ተማረው? ይህን መጻፍ ከአንድ ከሰዓት በኋላ አይበልጥም። ገጾቹ ሲሰበሰቡ ማኅበሩ አባዝቶ ቢያወጣቸው ለመጪው ትውልድ ትንሽ ውለታ አይደለም።

ሦስተኛ፤ በየወሩ አንድ ቀን ሰንጠረዥ በጥንቱ ሕግ፥ ከነወረራው፥ እንጫወታለን። መጽሐፍ ዝም ባለበት ቦታ እኛ ተማክረን ሕግ ማውጣታችን አይቀርም፤ ነገር ግን ያወጣነውን «የአባቶች ሕግ» አንለውም። ከአጠገቡ «ይህን ያወጣነው እኛ ነን» ብለን እንጽፋለን። የነበረውንና እኛ የጨመርነውን ለይቶ ማስቀመጥ የተማረ ሰው ዕዳ ነውና።

አራተኛ፤ ሞኖፖሊን አንድ ምሽት በሁለቱም የማጊ ሕጎች ተራ በተራ ተጫውተን፥ በኋላ የኢኮኖሚክስ መምህሮቻችን ባሉበት እንከራከርበታለን። ማን እንዳሸነፈ ሳይሆን፥ ሕጉ ሲለወጥ የተጫዋቹ ጠባይ እንዴት እንደ ተለወጠ እንመዘግባለን።

ጓደኞቼ ሆይ፤ በዚህ ዓመት ከሰሌዳ የተማርሁት አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ጨዋታ ሽንፈት አይገድለውም። የሚገድለው ከፊት ለፊት ያለው መቀመጫ ባዶ መሆኑ ነው። ሕጉን ጽፈን ባንጫወት እንደ ሰንጠረዥ ይሆናል፤ ሳንጠይቅ ብንጫወት እንደ ሞኖፖሊ ይሆናል። ገበጣችን ግን ገና በእጃችን ነው፤ የሚያውቁትም ሰዎች ገና በቤታችን አሉ። ሐምሌ ሲገባ ወደ እነርሱ እንሄዳለን። ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ ሂዱ።

አራቱ ተመራቂ ባላጋሮቼ መንገዳችሁ ይቅና። ለሌሎቻችሁም፥ በመስከረም ማክሰኞ ማታ ሰሌዳው ተዘርግቶ፥ አንድ ወንበር ባዶ ሆኖ ይጠብቃችኋል።