ከኪሎ ሜትር ወደ ተሳፋሪ፦ የትራንስፖርት መለኪያዎች ታሪክ

በሞርሲቶ ለሚካሄድ ጉባኤ የተዘጋጀ ዲስኩር



ዛሬ የምናገረው አንድ ትልቅ ከተማና በዙሪያው ያሉ ከተሞች የሚጋሩት ትራንስፖርት በደንብ መሥራት አለመሥራቱ በየዘመኑ በምን ሲለካ እንደኖረ ነው። ነገሩ የመሐንዲሶች ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ገንዘብ የሚፈሰው ወደሚለካው ነገር ነው፤ ያልተለካ ችግር በጀት አይያዝለትም። ስለዚህ መለኪያው ራሱ የእናንተም ጉዳይ ነው። የአገራችንን ዘመን በዓ.ም.፣ የውጭውን በእ.ኤ.አ. እጠራለሁ።

የጥንቱ መለኪያ ቀን ነበር። መንገደኛ ሊሄድበት ስላሰበው አገር ሲጠይቅ መልሱ የስንት ቀን መንገድ እንደሆነ ነው። በዚያ መልስ ውስጥ የወንዙ ሙላት፣ የበቅሎው ጭነት፣ የማደሪያው ቦታ ሁሉ ተቆጥሯል፤ የበጋውና የክረምቱ መልስም ለየቅል ነበር። በ1886 ዓ.ም. ምኒልክ ለአልፍሬድ ኢልግ የፈቀዱት የባቡር ሐዲድ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ ሲደርስ፣ ሲራራው ሳምንታት የሚፈጅበት ጉዞ ወደ ሦስት ቀን ወረደ። ባቡሩ በሌሊት አይሄድምና ተሳፋሪው ድሬዳዋና አዋሽ ያድር ነበር። ያኔ የባቡሩን ጥቅም ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም ነበር፤ ያተረፈውን ቀን ሰው ሁሉ በራሱ ሕይወት ያውቀው ነበር።

ኪሎ ሜትር ቦታውን የያዘው በኋላ ነው። ኢትዮጵያ በ1943 ዓ.ም. ከዓለም ባንክ ለአውራ ጎዳና ብድር አገኘች፤ በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ከጣሊያን ወረራ የተረፉት መንገዶች እየፈራረሱ ነበርና ስንት ኪሎ ሜትር እንደተጠገነ፣ ስንት እንደተሠራ መቁጠር ተገቢ ነበር። አበዳሪም ተበዳሪም የሚስማሙበት፣ መሬት ላይ ወርዶ የሚታይ ቁጥር ነው። ከተማ ውስጥም እንዲሁ ሆነ። ጣሊያን ጥሎ በሄዳቸው ጥቂት መኪኖች ሥራ የጀመረው አንበሳ አውቶቡስ የሚመዘነው በአውቶቡሶቹ ብዛትና በተቆረጠው ትኬት ነበር። ፌርማታ ላይ ቆሞ ቦታ አጥቶ የቀረው ሰው ትኬት አልቆረጠም፤ ስለዚህ በየትኛውም መዝገብ ውስጥ የለም። ይህ ክፍተት እስከ ዛሬ ተከትሎናል።

በሌላው ዓለም ትልቁ ለውጥ የመጣው በቺካጎ ነው ብዬ አምናለሁ። በእ.ኤ.አ. 1955 በዳግላስ ካሮል መሪነት የተጀመረው የቺካጎ አካባቢ የትራንስፖርት ጥናት መንገድ ዳር ቆሞ መኪና በመቁጠር አልተወሰነም። ጠያቂዎቹ ቤት እያንኳኩ፣ ትናንት ከቤተሰቡ ማን ወዴት ሄደ፣ ለምን ሄደ፣ በምን ሄደ እያሉ መዘገቡ። ዋናውን ከተማ ከዳርቻው አልነጠሉም፤ ሰው የሚመላለስበትን ክልል በሙሉ እንደ አንድ አካል ያዩት ነበር። ከዚያም የተለያዩ የመንገድና የባቡር ዕቅዶችን ሕዝቡ በጊዜ፣ በአደጋና በወጪ በሚከፍለው ዋጋ አወዳደሩ። በ1959 ደግሞ ዋልተር ሃንሰን የተባለ ተመራማሪ ነገሩን አንድ እርምጃ ወሰደው። የትራንስፖርትን ብቃት በፍጥነት ሳይሆን፣ ርቀቱ ታስቦ ሰው ካለበት ተነስቶ ስንት ሥራ፣ ስንት ገበያ፣ ስንት አገልግሎት ጋ ይደርሳል በሚል ማስላት እንደሚቻል አሳየ። እኔ ይህን ከመለኪያዎች ሁሉ አስበልጣለሁ።

የሚያሳዝነው በተግባር ያሸነፈው ሌላ መሆኑ ነው። በ1965 የወጣው የአሜሪካ የመንገድ አቅም መመሪያ ለመንገዶች ከኤ እስከ ኤፍ ማዕረግ ሰጠ። መኪና ያለ እንቅፋት የሚፈስበት መንገድ ኤ፣ የተጨናነቀው ኤፍ ተባለ። አሠራሩ ቀላል ስለሆነ ዓለምን አዳረሰ። ነገር ግን እግረኛው ሊሻገር የማይችለው፣ አውቶቡስ የማይቆምበት ጎዳናም በዚህ ሚዛን ኤ ሊያገኝ ይችላል። አዲስ አበባ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጉዞ በእግር ነው። በእንዲህ ያለች ከተማ መንገድን በመኪና ፍጥነት ብቻ መመዘን ብዙውን ሕዝብ ከሂሳብ ማውጣት ነው።

የቀላል ባቡሩ ታሪክ ደግሞ ሌላ ትምህርት ይዟል። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ አገልግሎት ሲጀምር ቁጥሮቹ የሚያኮሩ ነበሩ፦ ሁለት መስመር፣ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ሐዲድ፣ 41 ባቡር፣ 475 ሚሊዮን ዶላር ወጪ፣ አብዛኛውም ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር። እነዚህ ሁሉ ግን የተተከለውን ነው የሚናገሩት። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ መለዋወጫ ጠፋ፣ ለመለዋወጫ የሚሆን የውጭ ምንዛሪም አጠረ፤ ከባቡሮቹ ከግማሽ በላዩ የቆሙበት ጊዜ መጣ። ሐዲዱ ያው 34 ኪሎ ሜትር ነው። ተሳፋሪው ጋ የደረሰው ግን ረጅም ጥበቃና እግር ማሳረፊያ የሌለው ፉርጎ ሆነ። በግንባታው ዕለት የተጻፈ ቁጥር የዛሬውን አገልግሎት ሊመሰክር አይችልም፤ ምዘና በየዓመቱ መታደስ ያለበት ለዚህ ነው።

ወደ ገጠሩ ስንመጣ አገራችን የምትመሰገንበት ሥራ አለ። በ1990 ዓ.ም. የተጀመረው የመንገድ ዘርፍ ልማት መርሐ ግብር ኪሎ ሜትር ከመቁጠር አልፎ የአገሪቱ መሬት ከመንገድ ምን ያህል እንደሚርቅ ጠየቀ። ያን ጊዜ መንገዱ ሁሉ ተደምሮ 26,550 ኪሎ ሜትር ነበር፤ ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ ለማግኘት በአማካይ 21 ኪሎ ሜትር መጓዝ ግድ ነበር። በ2007 ዓ.ም. ገደማ መንገዱ ከ100 ሺህ ኪሎ ሜትር አልፎ፣ አማካይ ርቀቱ ወደ 5 ኪሎ ሜትር ወረደ። ከዚያ በስተጀርባ በየቀበሌው በአካፋና በዶማ የወጣ የገበሬ ጉልበት አለ። ዓለም ባንክም በእ.ኤ.አ. 2006 ይፋ ባደረገው የገጠር ተደራሽነት መለኪያ፣ ክረምት ከበጋ ከሚያስኬድ መንገድ በ2 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ የሚኖረው ሕዝብ ስንት እጅ ነው ብሎ ይጠይቃል።

ይህም ሆኖ መንገድ መድረሱ ሰው መድረሱ አይደለም። ከሞርሲቶ ሆሳዕና የሚሄድ ሰው ይህን ከእኔ በላይ ያውቃል። ሚኒባሱ ሞልቶ ነው የሚወጣው። ተሳፋሪው መናኸሪያ ውስጥ ተቀምጦ የሚያሳልፈው ጊዜ ከመንገዱ ጊዜ ሊበልጥ ይችላል፤ የመንገድ መሐንዲስ ግን ሰዓቱን የሚጀምረው ጎማ ሲዞር ነው። ምጥ የያዛት እናት ወደ ንግሥት እሌኒ መሐመድ ሆስፒታል ስትሄድ፣ ተማሪው ወደ ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ሲመላለስ፣ ነጋዴዋ ኬሻዋን ይዛ ገበያ ስትወጣ የሚገጥማቸው የተለያየ ነው። ከመሸ በኋላ ደግሞ ሞተር ሳይክል ወይም ኮንትራት ካልሆነ ምን አለ? አንዱ አማካይ ቁጥር ሁሉንም ይሸፍናቸዋል።

ጥያቄው አሁን ከፍ ብሏል። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ዋና መቀመጫው ሆሳዕና ሆኖ የክልሉ ቢሮዎች በተለያዩ ከተሞች ተደልድለዋል። ሐሳቡ ከተሞቹን አብሮ ለማሳደግ ነውና እደግፈዋለሁ። ግን እንዲህ ያለ ክልል የሚቆመው ከከተማ ከተማ በሚደረግ ጉዞ ነው። አንድ የሚሻ ወረዳ ገበሬ ለአንድ ማኅተም ወጥቶ በዚያው ቀን ቤቱ መግባት ካልቻለ፣ ቢሮው ለእሱ በጣም ሩቅ ነው። ሆሳዕና፣ ሞርሲቶ፣ ዱራሜና ሾኔ በየራሳቸው ሳይሆን፣ ቺካጎዎች እንዳደረጉት፣ እንደ አንድ መመላለሻ ክልል መጠናት አለባቸው።

ለዚህ ትልቅ ገንዘብ አያስፈልግም። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች መናኸሪያው ውስጥ ሰዓትና ደብተር ይዘው ቢቀመጡ ይበቃል። ሰው ተራ ከያዘበት ደቂቃ እስከ ወረደበት ይመዝገብ። የተከፈለው ከታሪፉ ጋር ይነጻጸር፤ ከቀን ሠራተኛ የቀን ገቢ ስንት እጅ እንደሆነም ይሰላ። ትርፍ የተጫነው ይቆጠር። ቦታ አጥቶ የተመለሰው ደግሞ ከሁሉ በፊት ይቆጠር። ይህ በገበያ ቀንና ገበያ በሌለበት ቀን፣ በጥር ደረቅና በነሐሴ ጭቃ ይደገም። ሾፌሮቹም ይጠየቁ፤ ነዳጅ ፍለጋ የሚያባክኑትን ጊዜና የጎማውን ዋጋ ሳናውቅ ሞልተው ለምን እንደሚወጡ አንረዳም። ውጤቱ በአማርኛና በሀዲይሳ ተጽፎ መናኸሪያው በር ላይ ይለጠፍ፤ የሚቀጥለው ዓመት ስምሪትና ታሪፍ የሚወሰንበት ስብሰባም ያንን ወረቀት ከፊቱ አስቀምጦ ይጀምር።