ዋሊያዎቹን ተከትዬ ደቡብ አፍሪካ የሄድኩ ጊዜ

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ አንዲት አባላችን ያቀረቡት ንግግር)



ሊቀመንበራችን «ስለዚያ ጉዞሽ ተናገሪ» ሲሉኝ አፍሬ ነበር። እዚህ መድረክ ላይ የሚወጣው ሰው ስለ በርበሬና ሽሮ ዝግጅት፣ ስለ ዶሮ እርባታ፣ ስለ ብድር አመላለስ ይናገራል። እኔ የማወራው ስለ ኳስ ነው። ግን በዛሬው አጀንዳ ተራ ቁጥር 5 ላይ የብድር ቅጹን ስለ ማሻሻል ተጽፏል፤ ወሬዬ ከእሱ ጋር ስለሚገናኝ ትንሽ ታገሱኝ።

ነገሩ የተጀመረው ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. እሑድ ነው። ብሔራዊ ቡድናችን ሱዳን ሄዶ 5 ለ 3 ተሸንፎ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ግን አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰኢድ አገቡና 2 ለ 0 አሸነፍን። ድምሩ እኩል ለእኩል ቢሆንም ከሜዳችን ውጭ ብዙ ስላገባን አለፍን። በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ በገዛ ከተማችን የወሰድን ሰዎች፣ ለ31 ዓመት በሩን እንኳ ሳንረግጥ ቆይተን ማለት ነው። ያን ማታ አየር ጤና ላይ መኪና ማለፊያ አጣ። ኳስ አይቼ የማላውቀው እኔ እንኳ ሊጥ በእጄ ላይ ደርቆ መንገድ ዳር ቆሜ እልል ስል ነበር።

ማታውኑ ወንድሜ ከጆሃንስበርግ ደወለ። በሞያሌ ወጥቶ፣ ኬንያን፣ ታንዛኒያን፣ ማላዊንና ሞዛምቢክን አቋርጦ ከገባ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። የስደተኛ ወረቀት ይዞ አገር ቤት ቢመጣ መመለሻ የለውም፤ ስለዚህ መጥቶ አያውቅም። «እኔ መምጣት አልችልም፤ ኳሱ ግን እዚህ እየመጣ ነው። ደጋፊ ሆነሽ ነይ» አለኝ።

የአውሮፕላን ትኬቱ ብቻ ከ10 ሺህ ብር በላይ ነበር። ከማኅበሩ 6 ሺህ ብር እንድበደር አመለከትኩ። ኮሚቴው «ይህ ገቢ የሚያስገኝ ሥራ አይደለም» ብሎ መለሰኝ። በደንቡ መሠረት ልክ ነበሩ፣ ዛሬም አልቀየማቸውም። ደግሞ ብድሩን ቢነፍጉኝም ለቪዛ የሚሆን የድጋፍ ደብዳቤ ጻፉልኝ። ከአባላት አንዳንዶቻችሁ «ለኳስ ብላ ዕዳ ትገባለች?» ስትሉ ሰምቻለሁ። ማን እንዳለ አልናገርም፣ እዚህ ተቀምጣችኋል።

ያወጣኝ የዕቁብ እጣ ነው። አንዲት እናታችን ደጄ ድረስ መጡና «የኔ እጣ በዚህ ወር ይወጣል፤ አንቺ ውሰጂው፣ የአንቺ ሲደርስ ትሰጪኛለሽ» አሉኝ። ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው አንድ ፎቶግራፍ ሰጡኝ። ልጃቸው ነው፤ እሱም ደቡብ አፍሪካ ነው ያለው፣ ድምፁ ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆኖታል። «ያገሬ ልጅ ሁሉ አንድ ቦታ የሚሰበሰብበት ቀን እንዲህ ያለ ቀን ነው። አሳይተሽ ጠይቂልኝ» አሉኝ። እንግዲህ ከዚያ በኋላ ጉዞው የኳስ ብቻ መሆኑ ቀረ።

በጥምቀት ማግሥት ተነሣሁ። ጭኮና ዳቦ ቆሎ፣ አምስት ኪሎ በርበሬ፣ አንድ ባንዲራ። ወንድሜን አየር ማረፊያ ሳየው አላወቅኩትም፤ እሱ ነው የለየኝ። ስለዚያ ብዙ አላወራም።

የመጀመሪያው ጨዋታ ጥር 13 ቀን ኔልስፕሩት ነበር፣ ከጆሃንስበርግ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በሚኒባስ ሆነን ሌሊቱን ስንዘፍን ሄድን። የስታዲየሙ ምሰሶዎች በቀጭኔ ቅርጽ የቆሙ ናቸው፤ ወንበሮቹ ደግሞ እንደ ሜዳ አህያ ጥቁርና ነጭ ናቸው። ግን ወንበሩ መቼ ታየ! አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ብቻ ነበር። ከየሎኬሽኑ ሱቁን ዘግቶ የመጣው ልጅ ብዛቱ አስደነገጠኝ። እነዚህ ልጆች ዓመት ከዓመት በብረት ፍርግርግ ውስጥ ሆነው ዳቦና ስኳር የሚሸጡ ናቸው። አብዛኞቹ ወንዶች ነበሩ፤ ሴት ሲያዩ «እናቴ» እያሉ ይስሙኛል፣ ገና አርባ ዓመት እንኳ አልሞላኝም ነበር!

የገጠምነው የዋንጫው ባለቤት የነበረችውን ዛምቢያን ነው። ሳላዲን ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ። ግብ ጠባቂያችን ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ሲወጣ ደጋፊው ጠርሙስና ቩቩዜላ ወደ ሜዳ ወረወረ፤ ጨዋታው ቆመ። እውነቱን ልናገር፣ በዚህ አፍሬያለሁ፤ ካፍም በኋላ ፌዴሬሽናችንን ቀጥቷል። ዛምቢያ አገባች። ከዕረፍት በኋላ ግን በ10 ሰው እየተጫወትን አዳነ ግርማ አገባ፣ 1 ለ 1። በዚያች ደቂቃ አጠገቤ ያለው ጎረምሳ አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ለጎል ብቻ እንዳልሆነ ገብቶኛል።

በዕረፍቱ ጊዜ ፎቶውን ይዤ ከረድፍ ረድፍ ዞርኩ። «ይህን ልጅ ታውቁታላችሁ?» የሚያውቀው ጠፋ። ጥር 17 ቀን ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 አሸነፈን፤ ያን ቀንም የሚያውቀው አልተገኘም። በሁለቱም ተከፍቼ ተመለስኩ።

የመጨረሻው ጨዋታ ከናይጄሪያ ጋር ሩስተንበርግ ላይ ነበር፣ ጥር 21። የአስተርእዮ ማርያም ዕለት መሆኑ ነው፤ እኔ ጠዋቱን የተሳልኩትን እኔ አውቃለሁ። በር ላይ ባንዲራ የሚሸጥ አንድ ልጅ ፎቶውን ተቀብሎ ትክ ብሎ አየውና «ይሄ ልጅ ፖርት ኤልሳቤጥ ነው ያለው። ሱቁ ተዘርፎ ባዶውን ቀርቶ ነበር» አለኝ። በእሱ ስልክ ወደ አንዱ፣ ከዚያ ወደ ሌላው እያልን ደወልን። ናይጄሪያ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ሁለት ፍጹም ቅጣት ምት አግብታ 2 ለ 0 አሸነፈችን፤ ግብ ጠባቂያችን በቀይ ወጥቶ ቅያሪ ስላለቀ የሜዳ ተጫዋች ነው በረኛ የሆነው ይላሉ። እኔ አላየሁትም። ደረጃው ላይ ጆሮዬን በእጄ ደፍኜ ስልክ ይዤ ነበር።

«ለምን ጠፋህ?» አልኩት። «ባዶ እጄን ደውዬ ምን ልበላት?» አለኝ። ይህን ቃል እኛ አየር ጤና ያለን እናቶች ብንሰማው ኖሮ ስንቱ ልጅ ይደውል ነበር። እኛ ደግሞ ስልክ ሲደወል መጀመሪያ የምንጠይቀው ስለ ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። እኔም ለወንድሜ እንደዚያው ነበርኩ።

እሳቸው በማግሥቱ የልጃቸውን ድምፅ ሰሙ። ዛሬ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል፣ ስማቸውን እንዳልጠራ ስላስጠነቀቁኝ አልጠራም። (በነገራችን ላይ ከምድባችን የወጡት ናይጄሪያና ቡርኪና ፋሶ ለፍጻሜ ደርሰው ዋንጫውን ናይጄሪያ ወሰደች። ስለዚህ የተሸነፍነው ለተራ ሰው አይደለም።)

የእቁቡን ዕዳ ለመክፈል 14 ወር ፈጅቶብኛል፤ በዚያ ጊዜ ሻይ ያለ ስኳር የጠጣሁበት ሳምንትም ነበር። ቀላል ነው አልላችሁም።

ልጄ በቅርቡ ስልኳ ላይ ኔትቦል የሚባል ጨዋታ አሳየችኝ። ቅርጫት ኳስ ይመስላል፣ ኳሷን መሬት እያነጠሩ መሮጥ ግን አይቻልም፤ በአብዛኛው ሴቶች ይጫወቱታል። የዓለም ዋንጫው በ2023 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ ውስጥ፣ ኬፕ ታውን ተካሂዶ ነበር፤ ዩጋንዳ አምስተኛ ወጣች። ከዚያ በፊት በ2019 ሊቨርፑል ላይ የዚምባብዌ ደጋፊዎች ሲዘፍኑና ሲጨፍሩ አየሁና ሳቅኩ። እኛን መሰሉኝ። ከመካከላቸው ስንቷ ፎቶ ይዛ ይሆን ብዬም አሰብኩ።

አሁን ወደ ተራ ቁጥር 5። የብድር ቅጻችን ሦስት ሣጥን አለው፤ ንግድ፣ ትምህርት፣ ሕክምና። እኔ የምጠይቀው አራተኛ እንዲጨመር ነው፤ «ቤተሰብ ጥየቃ»። ረጂዎቻችን እንዳትሰጉ፣ ከእናንተ ከመጣው ተዘዋዋሪ ገንዘብ አይደለም፣ አባላት ከቆጠብነው ብቻ ነው። ሁለት ዋስ ይኑራት፣ የቀደመ ብድር አይኑርባት። ለኳስ ትሂድ ለሠርግ ኮሚቴው አይጠይቃት። ስለ ገንዘቡ ጣሪያ ኮሚቴው የራሱን ሐሳብ ይዞ ቀርቧል፤ ቢቀንስም አልከራከርም።

ጨርሻለሁ፤ ቡናው ሳይቀዘቅዝ ድምፅ እንስጥ።