ፈረሱን ሊያድን የመጣው ቁማር
(ለዋሽንግተን አካባቢ ወገኖች ከተደረገ ንግግር)

ወገኖቼ፤

ከመካከላችን ቅዳሜ ማታ ወደ ቻርልስ ታውን ያልነዳ ማነው? እኔም ነድቻለሁ። ስለዚህ ዛሬ ፈራጅ ሆኜ አልቆምኩም።

ዌስት ቨርጂኒያ ያለው ይህ ቦታ ከ1933 ጀምሮ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ነው። ገበያው ሲቀዘቅዝ «የቁማር ማሽን ይግባ፤ ከገቢው ለፈረሶቹ ሽልማት ይከፈላል» ተባለ። የካውንቲው ሕዝብ በ1994 እምቢ አለ። በ1996 ድጋሚ ተጠየቀና እሺ አለ። በ2010 የካርታው ጠረጴዛ ተጨመረ። እውነቱን ለመናገር ሽልማቱ አድጓል፤ ፈረሱም ዛሬ ድረስ ይሮጣል።

ግን ፍሎሪዳን እንይ። ፖምፓኖ ፓርክ ከ1964 ጀምሮ ጋሪ የሚጎትቱ ፈረሶች ይሽቀዳደሙበት ነበር። ማሽኑ በ2007 ገባ። ሕጉ «ቁማር ከፈለግህ ፈረስ አሽቀዳድም» ይል ነበር። በ2021 ይኼ ግዴታ ተነሣ። በኤፕሪል 2022 የመጨረሻው ውድድር ሆነ። ፈረሱ ወጣ፤ ካሲኖው ቀረ። እንግዳው ባለቤቱን አስወጣ ማለት ይኼ ነው!

በፈረስ የሚወራረድ ሰው እስከ ቀጣዩ ዙር ትንፋሽ ያገኛል። ማሽን ግን ፋታ የለውም። አንድ ታክሲ ነጂ ወዳጄ የሳምንት ገቢውን በአንድ ሌሊት ሲያስረክብ አጠገቡ ነበርኩ። ፈረሶቹ ከግድግዳው ማዶ ይሮጡ ነበር። አንዱንም አላየንም።

እንግዲህ «ፈረሱን ለማዳን ነው» ሲሉን፣ «ግዴታው ነገ ቢነሣስ?» እንበላቸው።