ሸማችም ነጋዴም ላልተባለችው ሴት ማን ይጠይቅላት?

(በማኅበራችን አጠቃላይ ጉባኤ ላይ ከአንዲት አባል የቀረበ ንግግር)

ከወገዳ፣ ከአርብ ገበያ፣ ከመካነ ኢየሱስ፣ ከነፋስ መውጫ ተነሥታችሁ እዚህ ለመድረስ የደከማችሁትን ስለማውቅ ወደ ጉዳዩ ቶሎ እገባለሁ።

እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ የመረጥናቸው ተወካዮች ስለ ንግዳችንና ስለ ገበያችን መንግሥትን እንዴት ይጠይቁልን የሚል ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ አባላቱም ወደ መረጣቸው ሕዝብ መጥተው ጥያቄ ይሰበስባሉ። በእንዲህ ዓይነቱ ስብሰባ እኛ ሴቶች ብዙ ጊዜ የምናነሣው አንድ ነገር ነው፤ «ኑሮ ተወደደ» እንላለን። እውነት ነው፣ ተወዷል። ነገር ግን ይህን ብቻ ይዞ የሄደ ተወካይ የሚያገኘው መልስ «መንግሥት ትኩረት ሰጥቶ እየሠራበት ነው» የሚል ይሆናል። ይህ መልስ ደግሞ አይጋገር፣ አይጠመቅ።

ተወካዮቹ የመጠየቅ ሥልጣን የላቸውም እንዳንል ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ላይ በግልጽ ሰጥቷቸዋል። ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ለጥያቄ መጥራት፣ የአስፈጻሚውንም አሠራር መመርመር ይችላሉ። ያው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 ላይ መራጩ እምነት ያጣበት አባል በሕግ መሠረት ከምክር ቤት አባልነቱ እንደሚወገድ ይናገራል። ስለዚህ ጥያቄ አድርሱልን ስንላቸው ውለታ እየለመንን አይደለም።

ጥያቄው ግን ቦታውን ማግኘት አለበት። በ2003 ዓ.ም. የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። መንግሥት በዘይት፣ በስኳር፣ በዳቦ፣ በሥጋና በሌሎችም ዕቃዎች ላይ የዋጋ ጣሪያ አወጣ። ዋጋው በወረቀት ላይ ወረደ፤ ዕቃው ግን ከመደርደሪያ ጠፋ። ጥቂት ወራት ቆይቶም ጣሪያው ከአብዛኞቹ ዕቃዎች ላይ ተነሣ። በዚያ ዘመን ከ547ቱ የምክር ቤት መቀመጫዎች ከተቃዋሚ ፓርቲ የተያዘው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ከአዲስ አበባ የተመረጡት የአቶ ግርማ ሰይፉ ነው። የገዥው ፓርቲ አባል መራጩ በገበያ የሚደርስበትን እንዳይጠይቅ ግን የሚከለክል ሕግ አልነበረም፣ ዛሬም የለም። በእኔ አስተያየት ያን ጊዜ አጥብቆ መጠየቅ የነበረበት «ዋጋው ስንት ይሁን?» የሚለው ሳይሆን «ዕቃው ወዴት ገባ?» የሚለው ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የሚባል ሕግ አለ። ለእኛ የሚጠቅም ብዙ ነገር ይዟል። ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው። ዕቃውን ስላየ ወይም በዋጋ ስለተከራከረ ግዛ ተብሎ አይገደድም። ነጋዴው በትሕትናና በአክብሮት ሊያስተናግደው ይገባል፤ ሊሰድበውም ሊዝትበትም አይችልም። «ነክተሽ ነክተሽ ልትሄጂ ነው?» የተባላችሁ እጃችሁን አውጡ ብል የማታወጣ የምትገኝ አይመስለኝም። ጉድለት የተገኘበትን ዕቃ ደግሞ በ15 ቀን ውስጥ ማስለወጥ ወይም ገንዘብን ማስመለስ ይቻላል። ነጋዴው ደረሰኝ የመስጠት ግዴታም አለበት። ደረሰኝ ከሌለ የቱ ዕቃ መቼ ከማን እንደተገዛ ማስረዳት ስለሚቸግር፣ የቀረው መብት ሁሉ በዚህች ብጣሽ ወረቀት ላይ የተንጠለጠለ ነው ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ አዋጁ ሸማች የሚለው ማንን ነው? ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛውን ሰው ነው። ለማምረት ወይም መልሶ ለመሸጥ የሚገዛውን አይጨምርም። እስቲ አንዲት አረቄ አውጪ እናስብ። ቅዳሜ ገበያ ወጥታ ጌሾ፣ ዳጉሳና ብቅል ትገዛለች። ከጌሾው ጋር ሌላ ቅጠል ተቀላቅሎ ቢሸጥላት፣ ጥንስሱ ተበላሽቶ የወሩ ገቢዋ ቢቀር፣ «ሸማች ነኝ፣ ካሱኝ» ስትል «አንቺ የገዛሽው ለሽያጭ ነው» ልትባል ትችላለች። እንጀራ ጋግራ የምትሸጠው፣ ዘይት ገዝታ ሳምቡሳ የምትጠብሰው፣ በርበሬ ገዝታ ድልህ የምታዘጋጀውም እንደዚያው ናት።

እሺ፣ ሸማች ካልሆነች ነጋዴ ናት ብለን ወደ ድጋፉ በር እንውሰዳት። እዚያ ደግሞ መጀመሪያ የምትጠየቀው የንግድ ፈቃድ ነው። በጓሮዋ ጠምቃ በጣሳ የምትሸጥ ሴት ከየት ታምጣ? ፈቃድ ማውጣት ግብር ይጠራብናል ብለን የምንፈራ ብዙ ነን፤ ፍርሃቱም እንዲያው በባዶ የመጣ አይደለም። እናም ከሸማቹ ጥበቃ ለመሸጥ ስለገዛች ወጣች፤ ከነጋዴው ድጋፍ ፈቃድ ስለሌላት ወጣች። የማኅበራችን አብዛኛው አባል የቆመው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። ተወካዮቻችን እንዲጠይቁልን የምፈልገው ይህን ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። በ1972 እ.ኤ.አ. በሕንድ አገር፣ በአሕመዳባድ ከተማ ሴዋ የሚባለው የሴቶች ማኅበር ሲመሠረት አባላቱ ጉሊት ቸርቻሪዎች፣ ሸክም ተሸካሚዎችና በቤታቸው የሚሠሩ ሴቶች ነበሩ። የመንግሥት ሹሞች መጀመሪያ አንመዘግባችሁም አሏቸው፤ አሠሪ የሌላችሁ ምን ዓይነት ሠራተኞች ናችሁ ብለው ነበር። ሴቶቹ ግን በነገሩ ጸንተው ተመዘገቡ። መሥራቿ ኤላ ባት ኋላ በአገሯ ፓርላማ የላይኛው ምክር ቤት አባል ሆነች፤ በራሳቸው ሥራ የሚተዳደሩ ሴቶችን ኑሮ ያጠናውን ብሔራዊ ኮሚሽንም መራች። መቼም ወደ ምክር ቤቱ የገባችው «ኑሮ ተወደደ» ብቻ ይዛ አልነበረም።

በአገራችንም ለሴቶች ንግድ የታሰበ ገንዘብ ጠፍቶ አያውቅም። በ2004 ዓ.ም. የዓለም ባንክ ለሴቶች ሥራ ፈጠራ ልማት ፕሮጀክት 50 ሚሊዮን ዶላር ብድር ፈቀደ። መልካም ሥራ ነበር፤ በማኅበር ሳይሆን በግል ለሚነግዱ ሴቶች ብድር ከፍቷል። ሲጀመር ግን የያዘው ስድስት ከተሞችን ነበር፤ አዲስ አበባን፣ አዳማን፣ ባሕር ዳርን፣ ሐዋሳን፣ መቀሌንና ድሬዳዋን። ከወገዳ ባሕር ዳር ስንት ቀን እንደሚያስኬድ ለእናንተ አልነግራችሁም። እኛ ጋ የደረሰው ድጋፍ በአመዛኙ ሴፍቲኔት ነው። ሴፍቲኔት ደግሞ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ቤተሰብ ያለውን ጥሪት እንዳይሸጥ ለመጠበቅ ነው። ከረሃብ አድኖናል፤ ለንግድ መነሻ ግን አይሆንም። አብቁተ ነበረ፤ እርሱም ዛሬ ፀደይ ባንክ ሆኗል። ባንክ ሲሆን አቅሙ እንደሚያድግ አያጠራጥርም፣ ነገር ግን የድሮዋን የቡድን ዋስትና ተበዳሪ እንዳይረሳት ጠያቂ ያስፈልገዋል።

አንድ የምወደው ሕግ አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር መያዣ እንዲሆን ፈቅዷል። ላም፣ በግ፣ የልብስ ስፌት መኪና፣ የእህል ምርት፣ ሁሉም ይቻላል። ቤትና መኪና የሌላት የጋይንት ሴት ይህን ሕግ ብታስጽፈው ኖሮ ከዚህ አብልጣ የምታስጽፈው አይመስለኝም። ጥያቄው ታዲያ እንዲህ ይሁን፤ ክቡር ሚኒስትር፣ ይህ አዋጅ ከወጣ ወዲህ በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ከብቷን አስይዛ የተበደረች ሴት ስንት ናት? መልሱ «አንድም የለች» ከሆነ፣ የትኛው መሥሪያ ቤት እስከ መቼ ያስተካክለዋል? ይህን «ትኩረት ተሰጥቶታል» ብሎ ማለፍ ያስቸግራል። ቦታና ቁጥር ይዞ የመጣ ጥያቄ ቦታና ቁጥር ያለው መልስ ይፈልጋል።

በሸማቾች በኩልም እንደዚሁ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን የሚባል መሥሪያ ቤት ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. ሥራው ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተጠቃሏል። ራሱን የቻለው ቤት ከታጠፈ በኋላ የአንዲት የእስቴ ሴት አቤቱታ የሚገባው በየትኛው በር ነው? ስንት ቀን ይፈጃል? ለሽያጭ የምትገዛው ትንሿ አምራችስ በሕጉ እንድትካተት ማሻሻያ ይቀርባል ወይ? ይህ የመጨረሻው በተለይ የሕግ አውጪው የራሱ ሥራ ስለሆነ ሚኒስትሩን ብቻ ሳይሆን ተወካዩንም እንጠይቀዋለን።

ሁሉን ወደ አዲስ አበባ መላክም ልክ አይደለም። ሲገዙን ከምረው እየሰፈሩ፣ ሲሸጡልን አብሰው የሚሰፍሩትን ሚዛንና ቁና መቆጣጠር የወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሥራ ነው። የወረዳ ምክር ቤት አለን፤ እዚያ የተቀመጡት ደግሞ ጎረቤቶቻችን ናቸው።

ስለ ነፋስ መውጫ አንድ ነገር ላንሣ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ከተማዋ በጦርነቱ በተያዘች ጊዜ በሴቶች ላይ የደረሰውን በዚህ መድረክ አልዘረዝርም፤ ያለፈባቸው እዚህ ተቀምጠው ሊሆን ይችላል። የምለው ስለ ንብረቱ ብቻ ነው። ፈቃድም ደረሰኝም መዝገብም የሌላት ሴት ጋኗ፣ ምጣዷና እህሏ ሲዘረፍ «ይህን ያህል ነበረኝ» ብላ የምታሳየው ወረቀት የላትም። በዚያን ጊዜም በሁለቱ መካከል ነበረች።

ደጋፊዎቻችን፣ ለእናንተ አንድ ልመና አለኝ። መነሻ ገንዘብ ስትሰጡን እንደምናመሰግን ታውቃላችሁ። በሚቀጥለው ዓመት ግን ለየቀጠናው የተረጋገጠ ሚዛን፣ አቤቱታ መጻፍ የሚያስተምር ሰውም ጨምሩልን። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ በሪፖርት ላይም አያምርም ይሆናል።

ለእኛ ሥራው ከዛሬ ይጀምራል። እያንዳንዱ ቡድን እስከ ሰኔ መጨረሻ ድረስ በየገበያው ቀን ምን እንደተገዛ፣ በምን ስፍር፣ በስንት ብር፣ ደረሰኝ ተሰጠ ወይስ ተከለከለ የሚለውን ይጽፋል። ፊደል ያልቆጠራችሁ ልጆቻችሁ ይጻፉላችሁ። ብድር ጠይቃ የተመለሰች ካለች ምን ተብላ እንደተመለሰች በራሷ ቃል ይመዝገብ። የሻጩን ስም አትጻፉ፤ ተወካዩ እንዲጠይቅልን የምንፈልገው ስለ አሠራሩ ነው። ደብተሮቹ ከጸሐፊያችን ዘንድ ናቸው፣ ከምሳ በኋላ ለየቡድኑ ይታደላሉ።